ዓባይ ማዶ ያለው የቄብ ዶሮ ቤት፦ ዶሮው ጥሩ ነው፣ የዳክዬው ቦታ ግን ይታሰብበት

ባህር ዳር ዓባይ ማዶ ዶሮም ዳክዬም የሚሸጥበት ቤት አለ፣ የ45 ቀን ቄብ ከዛ ገዛሁ። ዶሮዎቹ ንቁ ናቸው፣ የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባታቸውንም ከነቀኑ ካርድ ላይ ጽፈው ሰጡኝ፣ ዋጋው ትንሽ ቢወደድም ያዋጣል። ካርቶኑ ግን ያፍናል፣ እንደኔ እስከ መራዊ የምትወስዱ ቀዳዳ ጨምሩበት።

ኮከቡን የምሰጠው ግን እዛ ለሚሠራው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ልጅ ነው። ዳክዬም ልጨምር ስለው "ጋሼ፣ ከዶሮዎቹ ጋ አንድ ግቢ የሚያድሩ ከሆነ ይቅርብዎት" አለኝ፣ ሻጭ ሆኖ አትግዛ የሚል ሰው መቼም ብርቅ ነው። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ፣ የወፍ ጉንፋንንም የሰው ፍሉንም የሚያመጣው የኢንፍሉዌንዛ ኤ ቫይረስ ጂን አንድ ወጥ አይደለም 8 ቁራጭ ነው፣ እና የዳክዬውና የሌላ እንስሳ ቫይረስ አንድ ሴል ውስጥ ከተገናኙ ቁራጮቹ እንደ ካርታ ይበወዙና ከሁለቱም የወሰደ አዲስ ቫይረስ ሊወጣ ይችላል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ከሁለቱ ከአንዱ ስለሚመጣ በሂሳብ ከነወላጆቹ 256 አይነት ይሆናል፣ አብዛኛው ባይረባም አንዱ ከተሳካለት በቂ ነው። ዳክዬ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይመስል ቫይረሱን በኩሱ ይጥላል፣ እኛ ጣና ዳር ላለነው የዱሩም ዳክዬ ጎረቤታችን ነው። የፈንግሉ ክትባት ለዚህ አይሠራም።

ነገሩ ወሬ ብቻ አይደለም፣ በፈረንጆቹ 1957 ዓለምን ያዳረሰው ፍሉ 3 ቁራጭ ከወፍ 5 ከሰው የያዘ ነበር፣ የ1968ቱም 2 ከወፍ ወስዷል፣ የ2009ኙ ደግሞ የተገጣጠመው አሳማ ላይ ነው፣ የአሳማ ሴል የወፍንም የሰውንም ቫይረስ ስለሚቀበል። አሳማ ጎጃም ውስጥ ማን ያረባል ትሉ ይሆናል፣ ግን በ2024 አሜሪካ የወተት ላሞች ላይ የወፍ ጉንፋን ተገኝቷል፣ ላም የሌለው ደግሞ ማን አለ።

አሁን አንድ ኮከብ ልቀንስ። ይሄ ሁሉ ተነግሮ የራሳቸው ዳክዬዎች ከዶሮው ቤት በላይ በኩል ናቸው፣ የታጠበበት ውሃ ቁልቁል ወደ ቄቦቹ ይወርዳል! ልጁን ስጠይቀው "ለባለቤቱ ነግሬያለሁ፣ ቦታ ጠቦን ነው" አለ። ካሸሯ ደግሞ የምትሸጠውን ኬሚካል ከረጩበት ዶሮ ጉንፋን አይዘውም ትላለች፣ ኬሚካሉ ዕቃና ወለል ያጸዳል እንጂ ዶሮውን አይከትብም፣ ለዛ ብላችሁ ብር አታውጡ።

በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ፣ ቅዳሜ ልጁ የለም።