የኑረምበርግ የገና ገበያ፦ ከዲሴምበር 24 በፊት ካልተደረሰ የለም

የእኛን ገና እያሰቡ በዲሴምበር የመጨረሻ ሳምንት ኑረምበርግ የሚደርሱ ሰዎች ባዶ አደባባይ ነው የሚጠብቃቸው። የጀርመን የገና ገበያ የበዓል ዋዜማ ገበያ ነው፤ በዓሉ ሲገባ ይፈርሳል። የኑረምበርጉ ክሪስትክንድልስማርክት የሚከፈተው ከአድቬንት (ከዲሴምበር 25 በፊት ያሉት አራት እሑዶች የሚውሉበት የዝግጅት ወቅት) የመጀመሪያ እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ሲሆን የሚዘጋው ዲሴምበር 24 ቀን በ14፡00 ነው (ሰዓቱ ሁሉ በአገሩ አቆጣጠር ነው)። ያኔ ለእኛ ገና ሁለት ሳምንት ይቀራል። ዲሴምበር 25 እና 26 ደግሞ የሕዝብ በዓል ስለሆኑ ሱቆችም ይዘጋሉ። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት መታየት ያለበት ቀኑ ነው።

ቦታው ሃውፕትማርክት የሚባለው አደባባይ ነው። ከዋናው ባቡር ጣቢያ የፔግኒትስን ወንዝ ተሻግሮ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በቀይና በነጭ ሸራ የተሸፈኑ 180 ያህል የእንጨት መደቦች ተደርድረው ይታያሉ። ስለ ገበያው የሚናገረው እጅግ ጥንታዊው ማስረጃ 1628 የሚል ዓመት የተጻፈባት ስጦታ መያዣ የእንጨት ሳጥን ናት። ሌላዋ የጀርመን ከተማ ድሬስደን በ1434 የጀመረ፣ ከዚህ የሚቀድም ገበያ አላት፤ በምግብና በእጅ ሥራ ብልጫ ግን ምርጫችን ኑረምበርግ ነው።

የመክፈቻው ምሽት በሰፊው የሚወራለት ነው። ወርቃማ ልብስ የለበሰችና ዘውድ የደፋች ወጣት፣ ክሪስትኪንድ፣ ከፍራውኤንኪርኸ ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ በ17፡30 የመክፈቻውን ግጥም ታነባለች። የምትመረጠው በየሁለት ዓመቱ ከከተማዋ ልጃገረዶች ነው። ያን ምሽት አደባባዩ አስቀድሞ ስለሚሞላ ልጅ ለያዘ ሰው አንመክረውም፤ በሥራ ቀናት ከሰዓት በኋላ ክሪስትኪንድ ገበያው ውስጥ ስትዘዋወር በቅርብ ማየት ይቻላል። በጠቅላላው ከሰኞ እስከ ሐሙስ መሄድ ይሻላል። ጠዋት በ10፡00 ሲከፈት ለግዢ፣ ከ16፡00 በኋላ ጀምበር ስትጠልቅ ለመብራቱ ይመቻል። ቅዳሜ ማታ ግን ሰው በሰው ላይ ስለሚሆን ዕቃውን መርጦ ማየት አይቻልም።

ወደ ምግቡ። የኑረምበርግ ቋሊማ ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከ20 እስከ 25 ግራም ክብደት ያለው ሲሆን ማርጆራም የሚባል ቅጠል ይገባበታል። ሦስቱ በአንድ ክብ ዳቦ ገብተው በሰናፍጭ ይበላሉ፤ ሲያዝዙ «ድራይ ኢም ቬግላ» ነው የሚባለው። ሥጋው የአሳማ መሆኑን ግን ከወዲሁ ማወቅ ያስፈልጋል። ሌላም ነገር አለ፦ ገበያው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን በጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል። ለጾመኛ የሚሆነው በእሳት የተጠበሰው ማሮኒ የተባለ የዛፍ ፍሬና በስኳር፣ በውሃና በቀረፋ በሰፊ መጥበሻ የሚታመሰው አልሞንድ ነው። አልሞንዱ ትኩሱን ቢበላ ይሻላል፤ ካደረ እርጥበት ስቦ ይጣበቃል። ከተፈገፈገ ድንች የሚጠበሰው ቂጣ ጾም ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ማያያዣው እንቁላል ስለሆነ ሳይጠየቅ አይበላም።

ትኩሱ ወይን፣ ግሉቫይን፣ በቀረፋ፣ በቅርንፉድና በብርቱካን ልጣጭ የሚሞቅ እንጂ የሚፈላ አይደለም። አልኮል በ78 ዲግሪ ገደማ ስለሚተን የፈላው ወይን ኃይሉን ያጣል፣ ቅርንፉዱም ይመራል። መደቡ ላይ በኃይል የሚንተከተክ ድስት ከታየ ወደ ቀጣዩ መደብ ማለፍ ነው። በብሉቤሪ የሚሠራው የዚያ ከተማ መለያ ነውና እሱን አስቀድሙ። አልኮል የማይጠጣ «ኪንደርፑንሽ» ብሎ ያዝዛል፤ ከጭማቂ የሚሠራ ነው። ከዋጋው ጋር ለኩባያው ማስያዣ ይከፈላል፤ ሲመለስ ገንዘቡ ይመለሳል፣ ማስቀረት ለፈለገ ደግሞ ማስያዣው ዋጋው ይሆናል። ካርድ የማይቀበል መደብ ስለሚኖር ዝርዝር ዩሮ መያዝ ይረዳል።

ይዘነው ብንመለስ የምንለው ሌብኩኸን የተባለው ቅመም ያለው ኬክ ነው። በአደባባዩ በሪባን ተንጠልጥሎ የሚሸጠው፣ በስኳር የተጻፈበት ልብ ቅርጽ ያለው ኬክ ለማስታወሻ እንጂ ለጣዕም አይገዛም፤ ደረቅ ነው። የሚፈለገው «ኤሊዘን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። በሊጡ ውስጥ ቢያንስ 25 በመቶ አልሞንድ፣ ሃዘልነት ወይም ዋልነት መኖር አለበት፣ ዱቄት ደግሞ ከ10 በመቶ አይበልጥም። ለዚህ ነው ለስላሳና ወፍራም ጣዕም ያለው፣ ዋጋውም ከሌላው ከፍ የሚለው። ቤት ሲደርስ በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ከአንድ ቁራጭ ፖም ጋር ቢቀመጥ አይደርቅም፤ ፖሙ ግን በየሁለት ቀኑ ካልተቀየረ ሻጋታ ያመጣል። እንቁላል ስላለው ለጾመኛ እስከ ልደት ማቆያ ነው።

ከእጅ ሥራዎች የደረቀ ፕለም በሽቦ ተሰክቶ፣ ዋልነት ራስ ሆኖለት ልብስ የሚለብሰው የትንሽ ሰው አሻንጉሊት ይገዛ። አይበላም። ከስስ የናስ ቅጠል የሚሠራው መልአክ ያምራል፤ ቅጠሉ አንዴ ከታጠፈ ግን ምልክቱ አይጠፋምና ጠንካራ ሳጥን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

ብርዱ ከድንጋዩ ንጣፍ በጫማ ሥር ነው የሚገባው። ሁለት ካልሲ በጠባብ ጫማ ደም ስለሚያጨናንቅ እግርን የበለጠ ያቀዘቅዛል፤ ወፍራም ሶል ያለው፣ አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ ጫማ ከአንድ የሱፍ ካልሲ ጋር ይበቃል።