ለትልቅ ባለሁለት ዳይሜንሽን ፉሪየር ትራንስፎርም የትኛው ይሻላል፦ ሲፒዩ፣ ጂፒዩ ወይስ ክላስተር?

ፉሪየር ትራንስፎርም እንደ ፎቶ ያለን ዳታ ወደ ፍሪኩዌንሲዎቹ የሚተነትን ስሌት ነው። የሚሠራውም በሲፒዩ (በዋናው ፕሮሰሰር)፣ በጂፒዩ (በግራፊክስ ካርድ) ወይም በክላስተር (በኔትወርክ በተያያዙ ማሽኖች) ነው። ለዚህ ሥራ ማሽን የሚገዛ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው የኮር ብዛት ላይ ነው፤ ኮር ማለት ራሱን ችሎ የሚያሰላ የፕሮሰሰሩ ክፍል ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የሚሞሪውን ፍጥነት እዩ እላለሁ።

16384 በ16384 የሆነ የኮምፕሌክስ ቁጥሮች (ሪልና ኢማጂነሪ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች ያሏቸው) ሰንጠረዥ እንውሰድ። በሲንግል ፕሪሲዥን (እያንዳንዱ ክፍል በ4 ባይት ሲቀመጥ) አንዱ ቁጥር 8 ባይት ስለሆነ ጠቅላላው 2.1 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ሥራው መጀመሪያ ረድፎቹን፣ ከዚያ ዐምዶቹን ማስላት ነው። ረድፎቹ ቀላል ናቸው። አንዱ ሌላውን ስለማይጠብቅ ለየኮሩ አከፋፍሎ መልቀቅ ነው። ጣጣው ዐምዱ ላይ ነው። ከአንድ ቁጥር ከሥሩ ወዳለው ለመድረስ 131,072 ባይት መዝለል ያስፈልጋል። አብዛኛው ፕሮሰሰር ደግሞ ከሚሞሪ በአንዴ 64 ባይት ያመጣል። ከዚያ ውስጥ የምንፈልገው 8ቱን ብቻ ነው፤ ሌላው በከንቱ ይመላለሳል። ጥሩ ላይብረሪ (ስሌቱን የሚሠራ ዝግጁ ሶፍትዌር) ጎን ለጎን ያሉ ዐምዶችን አንድ ላይ እየሰበሰበ ይህን ያቃልላል። እንዲያም ሆኖ ዳታው ሁለቴ መነበብ፣ ሁለቴ መጻፍ አለበት። ይህ 8.6 ጊጋባይት ምልልስ ነው።

አሁን እናወዳድር። ቁጥሮቹ የወረቀት ስሌት ናቸው፤ በተግባር ሁሉም ከዚህ ይዘገያል።

ባለሁለት ቻናል (በሁለት መስመር የሚገናኝ) ዲዲአር5-4800 ሚሞሪ ያለው ሲፒዩ በሰከንድ 76.8 ጊጋባይት ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ምልልሱ 0.11 ሰከንድ ይፈጃል። የሚሞሪው ፍጥነት ጣሪያው ላይ ከደረሰ በኋላ ኮር ብትጨምሩ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። 12 ቻናል ያለው ሰርቨር ግን ስድስት እጥፍ ይሰጣል።

አርቲኤክስ 4090 የተባለው የኢንቪዲያ ጂፒዩ ካርድ በሰከንድ 1008 ጊጋባይት ስለሚያንቀሳቅስ 0.009 ሰከንድ ይበቃዋል። ያስጎመጃል! ነገር ግን ዳታውን በፒሲአይ ኤክስፕረስ 4.0 (ካርዱን ከማሽኑ ጋር በሚያገናኘው መስመር) ወደ ካርዱ ወስዶ መመለስ ብቻ 0.14 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። አንዴ ሰርታችሁ የምትተዉት ከሆነ ሲፒዩው ይቀድማል። ዳታው ካርዱ ላይ ተቀምጦ 100 ጊዜ የሚሰላ ከሆነ ግን ካርዱ አንድ ሰከንድ፣ ሲፒዩው 11 ሰከንድ ነው። እዚህ ላይ ያለማንገራገር ካርዱን ግዙ።

ደብል ፕሪሲዥን (እያንዳንዱ ክፍል በ8 ባይት) ለምትፈልጉ ግን ተጠንቀቁ። 4090 በደብል የሚያሰላው በሲንግል ከሚያሰላው 64 ጊዜ ቀንሶ ነው። ኤ100 የተባለው የኢንቪዲያ የሰርቨር ካርድ ግን ከሲንግል ፍጥነቱ ግማሹን ይይዛል። ሚሞሪም አለ፤ 32768 በ32768 በደብል 17 ጊጋባይት ነው። ላይብረሪው ለሥራው ያንኑ ያህል ቦታ ከጠየቀ የ4090 24 ጊጋባይት አይበቃም።

ክላስተርን የምመክረው ዳታው አንድ ማሽን ላይ አልገባ ካለ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ማሽን የሚይዘው የረድፎቹን ከፊል ብቻ ስለሆነ፣ ዐምዱ ጋ ሲደረስ ሁሉም ማሽን ለሁሉም ይልካል። አራት ማሽኖች በ10 ጊጋቢት ኔትወርክ ቢገናኙ የእኛን ሰንጠረዥ ለመለዋወጥ ብቻ 0.32 ሰከንድ ይፈጃሉ፤ ከአንዱ ሲፒዩ ሦስት እጥፍ ማለት ነው።

ሶፍትዌሩስ? ኤፍኤፍቲደብልዩ ነፃ ነው፣ ክላስተር ላይም ይሠራል። ኩኤፍኤፍቲ የኢንቪዲያ ካርድ ይፈልጋል፤ ለኤኤምዲ ሮክኤፍኤፍቲ አለ።

ዳታችሁ እንደ ተራ ፎቶ ሪል ቁጥር (ኢማጂነሪ ክፍል የሌለው) ብቻ ከሆነ ደግሞ ሳትገዙ በፊት ለሪል የተሠራውን ትራንስፎርም ሞክሩ። ሚሞሪውንም ምልልሱንም በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ያላችሁ ማሽን ሊበቃ ይችላል።