የካሚስ–ሮች ስሌት ለታዳጊዎች የንክኪ ስፖርት፦ ምን ይሠራል፣ የት ይሳሳታል

በ13 ዓመት ምድብ ከሚጫወቱ ልጆች አንዱ 35 ኪሎ፣ ሌላው 65 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ትንሹ በሰከንድ 5 ሜትር፣ ትልቁ 6 ሜትር እየሮጡ ቢገጣጠሙ ትልቁ በሩጫው ይዞት የሚመጣው ጉልበት 1,170 ጁል ነው፤ የትንሹ 440 እንኳ አይሞላም። የልደት ወረቀታቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። ክለቦች ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ የልጅን የአካል ብስለት የሚገምተው የካሚስ–ሮች ስሌት ነው። በነፃ ሠንጠረዥም ይገኛል፣ በክፍያ የተጫዋች መከታተያ ሶፍትዌሮች ውስጥም ተካቶ ይሸጣል። ለራግቢ፣ ለትግል፣ ለበረዶ ሆኪ ወይም ለእግር ኳስ ታዳጊዎች ልትጠቀሙበት ካሰባችሁ መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ።

ስሌቱ በ1994 ታትሞ የወጣ ነው። የሚፈልገው የልጁን ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት፣ እንዲሁም የሁለቱን ወላጆች አማካይ ቁመት ነው። ከእነዚህ ተነሥቶ ልጁ ዕድገቱን ሲጨርስ የሚኖረውን ቁመት ይተነብያል። የዛሬው ቁመት ለትንበያው ተካፍሎ በ100 ሲባዛ የብስለት መቶኛው ይወጣል። ቁመቱ 150 ሴንቲ ሜትር የሆነና 178 ይደርሳል የተባለ ልጅ 84.3 በመቶ ላይ ነው። 168 የሆነና 180 የሚጠበቅለት እኩያው ደግሞ 93.3 በመቶ ላይ ይገኛል። የዕድገት ግስጋሴው የሚበረታው 91 ወይም 92 በመቶ አካባቢ ስለሆነ የመጀመሪያው ገና አልጀመረውም፣ ሁለተኛው ጫፉን አልፎታል። የተለመደው አመዳደብ ከ85 በታች፣ ከ85 እስከ 90፣ ከ90 እስከ 95 እና ከ95 በላይ የሚል ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አካዳሚዎችም በዚህ መልክ የተመደቡ ውድድሮችን አካሂደዋል።

ትልቁ ጥቅሙ ጨረር፣ ልብስ ማውለቅም ሆነ ሐኪም አለመፈለጉ ነው። የቁመት መለኪያና ሚዛን ያለው ማንኛውም ክለብ ሊሠራው ይችላል።

ድክመቱ የሚጀምረው ከሠንጠረዡ ነው። የመጀመሪያው ኅትመት ማባዣ ቁጥሮች የተዘጋጁት በኢንችና በፓውንድ ነው፣ በ1995 ደግሞ የሠንጠረዡ እርማት ወጥቷል። ኪሎና ሴንቲ ሜትር እንዳለ የሚቀበል፣ ግን ውስጡ ሳይቀይር የሚያባዛ ፋይል ቢያጋጥማችሁ የሚሰጠው ቁጥር እርባና የለውም። ሶፍትዌር የሚሸጥላችሁን ሰው የትኛውን ሠንጠረዥ እንደተጠቀመ ጠይቁት፤ የአንድ ልጅ መረጃም በእጅ አስልታችሁ ከውጤቱ ጋር አመሳክሩ። ሁለቱ በአንድ ነጥብ እንኳ ቢለያዩ አትግዙ።

ቀጥሎ የወላጆች ቁመት ይመጣል። ሰው ቁመቱን ሲጠየቅ ጨምሮ መናገር ይቀናዋል። አባት 3 ሴንቲ ሜትር ከጨመረ የወላጆች አማካይ በ1.5 ያድጋል፣ የልጁ ትንበያም ከፍ ይላል፣ ልጁም ከእውነተኛው ይልቅ ያልበሰለ መስሎ ይታያል። ይህ ከደኅንነት አንፃር መጥፎው አቅጣጫ ነው፤ የበሰለው ልጅ ከትንንሾቹ ጋር ይመደባልና። ስለዚህ ወላጆች ለምዝገባ ሲመጡ እዚያው መለካት ነው። የአንዱ ወላጅ ቁመት ካልታወቀ፣ ወይም ልጁ የማደጎ ከሆነ፣ የሕዝቡን አማካይ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን ከስሙ አጠገብ ግልጽ ምልክት ይደረግ፣ ምድቡንም ስሌቱ ብቻውን አይወስን።

ሁሉም ነገር በትክክል ቢገባ እንኳ ስሌቱ ይስታል። የስህተቱ መካከለኛ ልክ ለወንዶች 2.2፣ ለሴቶች 1.7 ሴንቲ ሜትር ነው። መካከለኛ ማለት የግማሾቹ ልጆች ስህተት ከዚህ ይበልጣል ማለት ነው። ከላይ የጠቀስነውን 150 ሴንቲ ሜትር ልጅ እንውሰድ፦ ትንበያው በ2.2 ቢሳሳት መቶኛው ከ83.2 እስከ 85.3 ይዋዥቃል፤ የ85ን ድንበር ከሁለቱም ወገን ይረግጣል። ስለዚህ ከድንበሩ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ነጥብ ውስጥ ያለ ልጅ በቁጥሩ አይመደብ። የእሱን ቦታ የሚወስነው ሲጋጠም የሚያየው አሰልጣኝ ነው። ሌላም ገደብ አለ፤ ስሌቱ የተሠራው በአሜሪካ ኦሃዮ ክትትል በተደረገባቸው ነጭ ልጆች ላይ ነው። የተለየ የዕድገት ልማድ ባላቸው ሕዝቦች ላይ ሲሠራ የስህተቱ መጠን እንደተጻፈው ነው ብሎ መቁጠር አይገባም።

ስለ አለካኩ ጥቂት ዘርዘር ማድረግ ያስፈልጋል፤ ብዙ ክለቦች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነውና። ጫማ ይወልቃል፣ ከፍ ብሎ የታሰረ ጸጉር ይፈታል። ተረከዝ፣ መቀመጫና የላይኛው ጀርባ ግድግዳውን ይነካሉ። የዓይን የታችኛው ጠርዝና የጆሮ ቀዳዳ የላይኛው ጫፍ በአንድ አግድም መስመር ላይ ይሆናሉ፤ ልጁ አየር ወደ ውስጥ ስቦ ሲይዝ ይነበባል። ሁለት ጊዜ ይለካል፤ ልዩነቱ ከ0.4 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ሦስተኛ ይጨመርና መሐለኛው ይወሰዳል። ሰዓቱም አንድ ይሁን። ሰው ከጠዋት እስከ ማታ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል፤ በከፍተኛው የዕድገት ወቅት ያለ ወንድ ልጅ በሦስት ወር የሚጨምረው 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንዱን ወር ጠዋት፣ ሌላውን ማታ የለካ ክለብ ግማሽ ያህሉን ዕድገት ያጣል፣ ወይም ያልነበረ ዕድገት ይፈጥራል።

ከተፎካካሪዎቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ2002 የወጣውና ልጁ ከዕድገት ግስጋሴው ጫፍ በስንት ዓመት እንደሚርቅ የሚገምተው የሚርዋልድ ስሌት ነው። የወላጅ ቁመት አይፈልግም፤ በምትኩ የመቀመጫ ቁመትን ይጠይቃል። ወላጅ ለማይገኝላቸው ልጆች ይጠቅማል። ችግሩ ግን ቀድመው የበሰሉትንና ዘግይተው የሚበስሉትን ወደ አማካዩ መሳቡ ነው፤ ማለትም ደኅንነታቸው በጣም የሚያሳስበንን ልጆች ልዩነት ያደበዝዛል። ለንክኪ ስፖርት ምድብ አንመክረውም።

የእጅ አንጓ ራጅ የአጥንት ዕድሜን በቀጥታ ያሳያል። ሆኖም ሐኪም በሌላ ምክንያት ካላዘዘው በቀር ለጨዋታ ምድብ ሲባል ልጅን ጨረር ማስነካት ትክክል አይደለም። የብልት አካባቢ ጸጉርና የጡት ዕድገት የሚታይበት የታነር ደረጃ ደግሞ የሐኪም ክፍል ጉዳይ ነው፤ አሰልጣኝ በምንም መልኩ አይሞክረው። በክብደት ብቻ መመደብም በጥቂት ቦታዎች ይሠራበታል፣ ርካሽም ነው። ነገር ግን ወፍራም የሆነና ገና ያልጎረመሰ ልጅን ጡንቻው ከፈረጠመ ታላቁ ጋር ያጋጥማል፤ ልጆቹም ከሚዛን በፊት ምግብና ውሃ መከልከል ይጀምራሉ።

ለስላሳ የጭንቅላት መሸፈኛ ገዝቶ ነገሩ አለቀ የሚል ክለብም አይጠፋም። መሸፈኛው የጆሮንና የቆዳን ቁስል ይቀንሳል፣ የአንጎል መናወጥን ግን አይከላከልም።

ካሚስ–ሮችም ቢሆን ብቻውን ነገሩን አይጨርስም። የጉዳትን ቁጥር በግልጽ ሲቀንስ የታየው የጨዋታ ሕግ ነው። በካናዳ ከ11 እስከ 12 ዓመት የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ በ2010 በታተመ ጥናት በአካል መግፋት የተፈቀደበት አልበርታ ክልል ልጆች ከተከለከለበት ኩቤክ ልጆች ከሦስት እጥፍ በላይ ለጉዳት ተጋልጠው ተገኝተዋል፤ የካናዳ ሆኪ ማኅበር በ2013 ድርጊቱን ከዚያ ዕድሜ አስወጣው። በብስለት መመደብ ከእንዲህ ያለ ሕግ ጋር ሲጣመር እንጂ በእሱ ቦታ ሲገባ አይመከርም።

ስሌቱ ከምድብ ይልቅ ዋጋውን የሚያሳየው በልምምድ ጫና ላይ ነው። ከ88 እስከ 96 በመቶ ያለ ልጅ አጥንት የሚረዝምባቸው ክፍሎች ከጅማቱ ይልቅ ደካማ የሆኑበት ጊዜ ላይ ነው። በወር ከ0.6 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲጨምር ዝላይና የግጭት ልምምድ ለተወሰኑ ሳምንታት ይቀነስ፤ የጉልበት ወይም የተረከዝ ሕመም ሲናገር ደግሞ ችላ አይባል። ልጃገረዶች ይህን ወቅት ከወንዶች ሁለት ዓመት ገደማ ቀድመው፣ በአማካይ በ12 ዓመት ይደርሱበታል። ስለዚህ በ11 እና በ12 ዓመት ድብልቅ ልምምድ ውስጥ በስሎ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሴቷ ናት።

የበሰለ ልጅ በሁሉም ሳምንት ከታላላቆች ጋር ይጫወት ማለትም አይደለም። የ12 ዓመት ልጅ አካሉ የ15 ቢመስልም ፍርሃቱና ፍርዱ የ12 ነው። ከስድስት ጨዋታ አንዱን ወይም ሁለቱን በብስለት፣ የቀረውን በዕድሜ ማካሄድ በቂ ነው። መቶኛው የግል የጤና መረጃ ስለሆነ የልብስ መቀየሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፤ ለወላጅና ለአሰልጣኝ ብቻ ይነገራል። በየወሩ የሚለካ ሰው የሌለው ክለብ ደግሞ የሶፍትዌር ክፍያውን ይተውና ገንዘቡን በግድግዳ ላይ ለሚሰካ ጥሩ የቁመት መለኪያ ያውለው።