ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ «ጸጥ ያለ የጀልባ ጉዞ» ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በተለይም ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ «ሐይቅን እናሳየው» ብላችሁ የምታስቡ ወገኖች፣ ገንዘባችሁን ሳትልኩ ስሙኝ። ባለፈው ወር እናቴን፣ ሁለት እህቶቼን እና ለእናቴ ከእህት የማይተናነሱትን ሙስሊም ጎረቤታችንን ይዤ የሄድኩበት ጉዞ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የጠፋው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር።

የተሸጠልን እንዲህ ተብሎ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከደሴ እንነሳለን፤ ጀልባው ላይ ከስምንት ሰው በላይ አይሳፈርም፤ ግርግር ሳይጀምር የውሃ ወፎችን በቅርብ እናያለን፤ ከዚያ «ወደ ደሴቱ» ተሻግረን ገዳሙንና ሙዚየሙን ሁላችንም እንጎበኛለን፤ ስንመለስ ዳር ላይ የዓሣ ጥብስ ይጠብቀናል። ዋጋው በሰው 1,200 ብር፣ ለአምስታችን 6,000 ብር ነው፤ ግማሹ ቀብድ። ጉዞውን የሸጠልን ሰው ቢሮም ደረሰኝም የለውም። የተነጋገርነው በስልክ፣ ገንዘቡንም የላክሁት በስልክ ነው።

እናቴ ነገሩን ስነግራት ወዲያው «ልጄ፣ እስጢፋኖስ እኮ ሴት አይገባበትም» አለችኝ። መልሼ ደወልኩ። ሰውየው «እሱ ድሮ ነው እናቴ በላቸው፣ አሁን ለጎብኚ ተፈቅዷል» ብሎ ሳያቅማማ መለሰልኝ። ውሸት ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት ወደ ውስጥ አትዘልቅም። ይህ የቆየ የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ እናቴ ታከብረዋለች፣ እኔም አከብረዋለሁ። የሚያናድደው አንድ ሰው ሥርዓቱን እያወቀ ለአራት ሴቶች የመግቢያ ዋጋ ማስከፈሉ ነው።

ቀጠሯችን ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ማታ «መኪናው ተበላሽቷል፣ እሑድ ይሁን» ተባልን። የእሑዱ ጉዞ ደግሞ በ12 ሰዓት ተኩል ሳይሆን ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ተጀመረ፤ ምክንያቱም ሚኒባሱ ሰው እየጫነ ደሴን ሲዞር ነበር። ከደሴ ሐይቅ ከተማ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እኛ ግን ውሃው ዳር ስንደርስ አምስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰውም ዳሩን ሞልቶታል። አንዱ ጀልባ ላይ የድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ይጮኻል። ወፍ? በዚያ ጩኸትና በዚያ የሞተር ድምፅ መሐል የትኛው ወፍ ይቀመጣል? ሸምበቆው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ተነስተው ከሩቅ ነጠብጣብ ሆነው ነው ያየናቸው። ታናሽ እህቴ ለዚህ ብላ የተዋሰችውን አቅራቢ መነጽር ከቦርሳዋ እንኳ አላወጣችውም።

ተራ ስንጠብቅ ከአንድ ጀልባ ቀዛፊ ጋር ተጨዋወትን፤ የነገሩ ሥር የገባኝም ያን ጊዜ ነው። ጉዞውን የሸጠልን ሰው ጀልባ የለውም። ከየሰዉ ቀብድ እየሰበሰበ ይቆያል፤ አንድ ጀልባ ጠቅጥቆ የሚሞላ ሰው ሲያገኝ ብቻ ከባለጀልባው በጉዞ ሒሳብ ይከራያል። ለጀልባው የሚከፍለው ስምንት ሰው ቢሳፈርም ሃያ ሰው ቢሳፈርም ያው ነው። ስለዚህ ከስምንት በላይ የሚጫን እያንዳንዱ ሰው ለእሱ ንጹሕ ትርፍ ነው። ሐሙስ የቀረው መኪና ተበላሽቶ ሳይሆን ሰው ስላልሞላ ነበር። እሑድ የሆነውም እሑድ ሰው ስለሚበዛ ነው። ግርግርን ትሸሻላችሁ ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው እንጀራው ግርግሩ ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ተሳፈርን። ቆጠርኩ፤ አሥራ ሰባት ነን። ላይፍ ጃኬቱ ስድስት ነው፤ ከስድስቱም የሁለቱ ማሰሪያ ተበጥሷል። ስጠይቅ «ዳር ዳሩን ነው የምንሄደው» ተባልኩ። ይህ ሎጎ የሚባለው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ እኮ ኩሬ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። እናቴ ዋና አታውቅም፣ ጎረቤታችንም አያውቁም። ያኔ «አንሳፈርም» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም፤ የከፈልኩት ገንዘብ አሳዘነኝ። ስንመለስ ነፋስ ተነስቶ ጀልባው ሲናጥ ሁለቱ እናቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዷ በእስጢፋኖስ ሌላዋ በአላህ ሲማጸኑ ያየሁት ፊታቸው ከዓይኔ አልጠፋም። እናንተ እንደኔ አታድርጉ። ጃኬቱ ከሰዉ ቁጥር ካነሰ፣ ከፍላችሁም ቢሆን ውረዱ።

«ደሴቱ» የተባለውን ነገርም ልንገራችሁ። በአገራችን አፈ ታሪክ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ተበድላ አልቅሳ፣ ምድሩ ሁሉ ውሃ ሲሆን እሷ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ ይባላል፤ ደሴቱ እሱ ነው። ዛሬ ግን ቦታው በየብስ ከዳሩ ጋር ተገናኝቷል፤ በሦስት በኩል ውሃ የከበበው ምድር ነው። በእግር ይኬዳል። ጀልባ ደስ ስለሚል መሳፈር ሌላ ነገር ነው፤ «ያለ ጀልባ አይደረስም» ብሎ ማስከፈል ግን ማታለል ነው። እኛ በአሥራ ሰባት ሰው ጀልባ ስንናጥ፣ ሽማግሌ ምዕመናን በትራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ወደ ገዳሙ ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስንደርስ ሴቶቹ ከበሩ ውጭ ቀሩ። እናቴ ቆማ ተሳለመች፣ ያመጣችውን ጧፍ ለእኔ ሰጠችኝ፤ አንድም ቃል አልተናገረችም። እህቶቼ ጥላ ፍለጋ ዞሩ። እኔ ደግሞ «ሃያ ደቂቃ» ተሰጥቶኝ ገባሁ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደቀ መዝሙር ሆነው የተቀመጡበት ቦታ ነው። የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል ያለበት ጥንታዊ የብራና ወንጌል የዚህ ገዳም ሀብት ነው። ይህን ሁሉ በሃያ ደቂቃ! ሙዚየሙ በር ላይ ሰልፍ ነበር፤ ተራዬ ሳይደርስ ከታች ተጠራን። ጧፉን ሰጥቼ ወጣሁ። የዓሣ ጥብሱም «አልቋል» ሆነ።

ቀሪውን ግማሽ አልከፍልም ብዬ ነበር፤ ሚኒባሱ ውስጥ ካልከፈላችሁ አንመልሳችሁም ሲባል ከፈልኩ። በማግስቱ ስደውል ሰውየው «ነፋሱን እኔ አላመጣሁት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አመልክቻለሁ፤ ደረሰኝ ባይኖረኝም ገንዘቡን የላክሁበትን የስልክ መልእክት አትሜ አያይዣለሁ። እናንተም እንዲህ ያለውን መልእክት አትደምስሱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቴን በራሴ መንገድ ወሰድኳት፤ ልዩነቱን ስለማውቀው ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ማክሰኞ ንጋት ላይ ከደሴ መናኸሪያ በመደበኛው ሚኒባስ ሐይቅ ከተማ ገባን፣ ከዚያ በባጃጅ ውሃው ዳር ወረድን። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዳሩ ላይ ከእኛ ሌላ ዓሣ አጥማጆች ብቻ ነበሩ። ባለጀልባውን ራሱን አግኝተን፣ ዋጋውን በሰው ሳይሆን በጀልባ ተነጋገርን፣ ጃኬት ለብሰን ተሳፈርን፣ ሞተሩን ከሸምበቆው ራቅ አድርጎ እንዲያጠፋና በመቅዘፊያ እንዲጠጋ ለመንነው። ወፎቹ አልተነሱም። እናቴ ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። የከፈልነው ሁሉ ተደምሮ ሰውየው ለሁለት ሰው ከሚጠይቀው እጅግ ያነሰ ነው።

ሴቶች ካሉበት ቡድን ጋር የምትሄዱ ከሆነ ገዳሙን የጉዞው ዋና ነገር አድርጋችሁ አትንገሯቸው፤ ሐይቁና ዳሩ ብቻውን ቀን ይሞላል። ወንዶች ደግሞ ሙዚየሙን ማየት ከፈለጋችሁ በእግር ሂዱና ከመነኮሳቱ ጋር ተነጋግራችሁ ጊዜ ውሰዱ። ጥር 1 የቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ኅዳር 26 ደግሞ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ነው፤ ለማንገሥ የምትሄዱ ሂዱ፣ በረከት ነው። በእነዚህ ቀኖች ወይም በእሑድ «ጸጥ ያለ ጉዞ» የሚሸጥላችሁ ካለ ግን የሌለውን ነው የሚሸጠው።

ለመጪው እሑድ ቀብድ የላካችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ዛሬውኑ ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የባለጀልባውን ስም፣ የሚሳፈረውን ሰው ቁጥር፣ የላይፍ ጃኬቱን ቁጥር። መልሱን በጽሑፍ ይላክላችሁ። ካልላከ ቀሪውን ግማሽ ይዛችሁ ቤታችሁ ቅሩ።