ለናሙናዎቻችን ስም ለሚያገኙልን ጋሼ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። እግረ መንገዴን ደግሞ የእሳቸውን ዓይነት ባለሙያ ፈልጋችሁ እንድትጠቀሙ ልጠቁማችሁ። ስማቸውን አልጠቅስም። ፈቃድ ስጠይቃቸው “እኔን ተወኝና ሥራውን ጻፍ” አሉኝ። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው።

ሥራቸው ዝርያ መለየት ነው። ከማሳ የተለቀመ ተባይ ይላክላቸዋል፤ አይተው ምንነቱን ይነግሩናል። በክፍላቸው የባህሩን ወገን የያዘች ሌላ ባለሙያም አለች። ሸርጣኑና ኦይስተሩ (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ባለ ሁለት ዛጎል የባህር እንስሳ) ወደ እሷ ይሄዳል። ሲሰሙት ቀላል ሥራ ይመስላል አይደል?

እኔ ያለሁበት ቡድን ሦስት ነገር ያጠናል፦ የጠረፍ ዓሣ ሀብት፣ የኦይስተርና የሙሰል (ይህም ባለ ሁለት ዛጎል ነው) እርባታ፣ የሞቃታማ አካባቢ የሰብል ተባይ። “እነዚህን ምን አገናኛቸው?” ብሎ የማይጠይቀን የለም። እውነቱን ለመናገር ብዙም የሚያገናኛቸው ነገር የለም። የሚያገናኛቸው ሁሉም ዞረው ዞረው እነ ጋሼ ክፍል መድረሳቸው ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደማመሰግናቸው የሚገባችሁ ሥሩ ለምግብ የሚውለውን ካሳቫ የሚያጠቃውን የሚሊባግን ታሪክ ስታውቁ ነው። ጋሼ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ያወሩታል። እኛ በቃላችን ይዘነዋል፤ ግን አይሰለቸንም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ሚሊባግ ከደቡብ አሜሪካ ወደ አፍሪካ ገባ። ሚሊባግ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል፣ ሰም የለበሰ፣ የተክል ፈሳሽ እየመጠጠ የሚኖር ደቃቅ ተባይ ነው። መጀመሪያ የታየው ኮንጎ አካባቢ ነበር። ከዚያ ካሳቫ የሚያበቅለውን አገር አንድ በአንድ አዳረሰው። የካሳቫው ጫፍ ይኮማተራል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ሥሩ ሳይወፍር ይቀራል።

ተመራማሪዎቹ ያሰቡት ነገር ትክክል ነበር፦ ተባዩ ከመጣበት አገር የተፈጥሮ ጠላቱን ፈልጎ ማምጣት። ችግሩ በትክክል ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ፍለጋው ቀጥሎ በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል፣ እዚያው ካሳቫ ላይ፣ ቁርጥ እሱን የሚመስል ሚሊባግ ተገኘ። የዚያ ጠላቶች ግን አፍሪካ ያለውን ተባይ ምንም ሊያደርጉት አልቻሉም። ነገሩ ሲጣራ ሁለቱ የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው አረፉት። የአፍሪካው መልኩ ወደ ሮዝ ያደላል፤ ወንድ አያስፈልገውም፣ ሴቷ ብቻዋን ትራባለች። ያኛው ቢጫማ ነው፤ ወንድም ሴትም አለው። በ1981 ለቢጫማው ፌናኮከስ ሄረኒ የሚል የራሱ ስም ወጣለት። በዚያው ዓመት እውነተኛው፣ ማለትም ፌናኮከስ ማኒሆቲ፣ ፓራጓይ ውስጥ ተገኘ። አብራውም አናጊረስ ሎፔዚ የምትባል ደቃቅ ተርብ ተገኘች። እንቁላሏን ሚሊባጉ ሰውነት ውስጥ ትጥላለች። እጯ ተፈልፍላ ከውስጥ ትበላዋለች።

ተርቧ እንግሊዝ አገር በኳራንቲን ተመርምራ በ1981 መጨረሻ ናይጄሪያ ውስጥ ተለቀቀች። ከዚያ በኋላ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተዛመተች፤ ተባዩም ረገበ። ሥራውን የመሩት ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ያው ሚሊባግ በ2008 ታይላንድ ሲታይ ደግሞ ከዜሮ መጀመር አላስፈለገም። ማንነቱ ይታወቃል፣ ጠላቱም ትታወቃለች። በ2009 ተርቧ ከቤኒን ተወሰደች።

ጋሼ ታሪኩን ሲጨርሱ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰው ይመለሳሉ። ፌናኮከስ ማኒሆቲን በ1977 መርምረው ስም የሰጡት ፈረንሳዊቷ ዳንየል ማቲል-ፌሬሮ ናቸው። “ሄረንን ሁሉም ያውቃል” ይላሉ ጋሼ። “እሳቸውን ስንቱ ያውቃል?” እውነታቸውን ነው፤ እኔም ስለ ማቲል-ፌሬሮ የሰማሁት ከጋሼ አፍ ነው።

ጋሼ ሚሊባግ ላይ ሲሠሩ ቆሜ አይቻለሁ። የሚፈልጉት ያደገች ሴት ብቻ ነው። በስስ መርፌ ሰውነቷን ይበሷታል። በፖታሽ ውህድ ውስጥ አሙቀው የውስጧን ሁሉ ያወጡታል፤ የሚቀረው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቆዳ ነው። ቀለም ይነክሩታል፣ መስታወት ላይ ይዘረጉታል፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ያስገቡታል። ከዚያ ቀዳዳ መቁጠር ይጀምራሉ። አዎ፣ ቀዳዳ። ሰሙ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎችና ቱቦዎች ዓይነታቸውና አቀማመጣቸው ነው ዝርያን ከዝርያ የሚለየው። በዚህ ሰዓት ማንም አያናግራቸውም። ቢያናግራቸውም አይሰሙም።

ሁለት የሚመስለው አንድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ። በ2003 ኬንያ ውስጥ አንድ እንግዳ የፍራፍሬ ዝንብ ተያዘ። በ2005 ባክትሮሴራ ኢንቫደንስ ተባለ። ማንጎ አምራቹን አስለቀሰ፤ እሱን ፈርተው የፍራፍሬ ገበያቸውን የዘጉ አገሮች ነበሩ። ከብዙ ጥናት በኋላ በ2015 ከእስያው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ የተለየ ዝርያ እንዳልሆነ ተደመደመ። ተመራማሪ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለዶርሳሊስ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተጻፈው ሁሉ ለአፍሪካውም ያገለግላል ማለት ነው። ግን ሁለቱንም ስም ካላወቅህ ግማሹን ጽሑፍ አታገኘውም። ለዚህ ነው የጋሼ ሪፖርት ሁልጊዜ የቀድሞ ስሞችን ጭምር ዘርዝሮ የሚመጣው። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ራሳቸው ነው የሚጨምሩት። ስለ ኢንቫደንስ ስጠይቃቸው ደግሞ “እኔማ ተገላገልኩ፣ አንድ መሳቢያ ተረፈኝ” ብለው ሳቁ።

ወደ ባህሩ ልሻገር። የጭቃ ሸርጣን ማንግሮቭ በሚባሉት የባህር ዳር ዛፎች ሥር የሚኖር፣ ገበያ ላይ ጥሩ የሚያወጣ ሸርጣን ነው። ለረጅም ጊዜ ብዙው ሰው ሲላ ሴራታ በሚል አንድ ስም ይጠራው ነበር። በ1998 ኪናን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አራት ዝርያዎች መሆናቸውን አሳዩ። ይህ የቢሮ ክርክር እንዳይመስላችሁ። ሲላ ኦሊቫሲያ ከሴራታ ባነሰ መጠን ለመራባት ይደርሳል። ስለዚህ “ከዚህ በታች አትያዙ” የሚለው የመጠን ገደብ ለአንዱ ልክ ሆኖ ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ሁሉንም “ሸርጣን” ብለን አንድ ዓምድ ላይ ከደመርን ደግሞ አንደኛው እያለቀ ድምሩ ደህና መስሎ ይታያል። የጠረፍ ዓሣ ሀብት መረጃ ላይ እንደዚህ የሚያታልል ነገር አላየሁም።

ባለሙያዋ ሸርጣኑን አንስታ መጀመሪያ ግንባሩን ነው የምታየው። በሁለቱ ዓይኖች መሀል ያሉት ጥርሶች ረጃጅምና ሹል ናቸው ወይስ ዝቅ ብለው የተድቦለቦሉ? ቀጥሎ መቆንጠጫውን የተሸከመው ክንድ ላይ እሾህ ትፈልጋለች። ሴራታ ሁለት የጎሉ እሾሆች አሉት። ኦሊቫሲያ ላይ እንደዚያ ጎልተው አይታዩም። ይህን ለአስጋሪዎች በስልክ ፎቶ እያሳየች አስተምራለች። አሁን እዚያው ጀልባ ላይ የሚለዩ አሉ። ይህን ደግሞ የሥራ ዝርዝሯ ላይ ማንም አልጻፈላትም።

ኦይስተር ግን ያበሳጫል። ቅርጹ አይታመንም። ድንጋይ ላይ ያደገው የድንጋዩን መልክ ይይዛል፤ ቦታ የጠበበው ይረዝማል። በሞቃታማ ጠረፍ ብዙ አርቢ ዘሩን የሚሰበስበው ከባህር ነው። ገመድ ወይም ሰሌዳ ውሃ ውስጥ ያንጠለጥላል፤ ተንሳፋፊው እጭ መጥቶ ይጣበቅበታል። የሚጣበቀው ግን የተፈለገው ዝርያ ብቻ አይደለም። ፈጣኑም ዘገምተኛውም ጎን ለጎን ይሰፍራሉ፤ በዚያ ዕድሜያቸው በዓይን መለየት ከባድ ነው። ወራት ካለፉ በኋላ ግማሹ አላድግ ይላል። ያኔ ውሃው ይወቀሳል፣ በሽታ ይፈለጋል። እሷ ዛጎሉን ከፍታ ማጠፊያው አጠገብ ጠርዙን በጥፍሯ ትዳስሳለች። ሳኮስትሪያ የሚባለው ወገን (ወገን ማለት የሚቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ ነው) እዚያ ጥቃቅን ጥርስ መሰል ጉብታዎች አሉት፤ ማጋላና የሚባለው የለውም። ወገኑን በዚህ ትይዛለች። ዝርያውን ለመጨረስ ዲ ኤን ኤ ትጨምርበታለች።

“ዘመኑ የዲ ኤን ኤ ነው፣ ማይክሮስኮፕ ምን ይሠራል?” የሚል አይጠፋም። በ2003 ፖል ኸበርት የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ባቀረቡት የባርኮድ ዘዴ አንድ አጭር የዲ ኤን ኤ ቁራጭ ተነብቦ ከመዝገብ ጋር ይነጻጸራል። ጋሼም ይጠቀሙበታል። ነጭ ዝንብ ሲመጣላቸው ያለ እሱ አይሞክሩትም፤ ቤሚሲያ ታባሲ የምንለው በመልክ የማይለዩ ከ30 በላይ ዝርያዎች ስብስብ ነውና። ግን መዝገቡ ውስጥ ላለው ቁራጭ መጀመሪያ ስም የሰጠው ነፍሳቱን በዓይኑ አይቶ የለየ ሰው ነው። ስሙ ተሳስቶ ከገባ ማሽኑ ያንኑ ስህተት ያለ ምንም ሀፍረት ይደግምላችኋል።

ከሁሉ በላይ የምወድላቸው “ከዚህ በላይ ማለት አልችልም” ማለታቸውን ነው። እጭ ብቻ ከሆነ የተላከው “እስከ ወገኑ ነው፣ ዝርያውን አልናገርም” ብለው ይጽፋሉ። በፊት በፎቶ ብቻ በደቂቃ ውስጥ ስም የሚሰጥ አንድ አገልግሎት ተጠቅመን ነበር፤ ማን እንደሆነ ይቅር። ፍጥነቱስ ግሩም ነበር። ፎቶው ላይ የማይታየውንም ጭምር ይነግረን ነበር።

አሁን ወደ ጥቆማው። እንዲህ ዓይነት ሰው በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ በእርሻ ምርምር ተቋም፣ በባህር ሳይንስ ማዕከል ውስጥ አይጠፋም። ፈልጉት። ስታገኙት ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ እነ ጋሼ እኛን እስኪያሰለጥኑን ብዙ ታግሰዋል።

ናሙናውን አልኮል ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፤ ቀለሙ ይጠፋል። ለዲ ኤን ኤ ከሆነ 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ኢታኖል ተጠቀሙ። ፎርማሊን ዲ ኤን ኤውን ስለሚያበላሽ ይቅርባችሁ። አባጨጓሬን በቀጥታ አልኮል ውስጥ ከጣላችሁት ይጠቁራል፤ መጀመሪያ ሊፈላ የደረሰ ውሃ ውስጥ ለአፍታ አስገቡት። ከተቻለ ጥቂቶቹን አሳድጋችሁ ጉልምስናቸው ላይ ላኩ። የፍራፍሬ ዝንብ ከሙሽሬው (እጩ ወደ ዝንብ ከሚለወጥበት ሽፋን) እንደወጣ አትግደሉት፤ ቀለሙ እስኪደምቅ ጥቂት ቀን እየመገባችሁ አቆዩት። ሚሊባግ ከሆነ ያደጉ ሴቶችን ብዙ አድርጉ። ኦይስተር ከሆነ ሥጋውንና ዛጎሉን አታለያዩ።

ወረቀቱን በእርሳስ ጻፉና እዚያው ብልቃጡ ውስጥ ክተቱት። እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ቦታው፣ ቀኑ፣ የሰበሰበው ሰው፣ የተገኘበት ተክል ወይም ጥልቀት ይጻፍ። ጋሼ የተገኘበት ተክል ያልተጻፈበት ብልቃጥ ሲመጣላቸው ዝም ብለው መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ያን ጊዜ ከክፍሉ መውጣት ይሻላል።

ሁሉንም ነገር ደግሞ ወደ እነሱ አትላኩ። በ2016 አፍሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበውን መጤ ተምች ለምሳሌ በደንብ ያደገ አባጨጓሬ ካገኛችሁ ራሳችሁ ልትጠረጥሩት ትችላላችሁ። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ (Y) ፊደል የመሰለ ምልክት አለ፤ ከጅራቱ አጠገብ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። አዲስ ቦታ ላይ ካልሆነ በስተቀር ለዚህ ማይክሮስኮፕ ማስያዝ የሌላውን ወረፋ መብላት ነው። ወረፋው ረጅም ነው፣ አስቀድማችሁ ደውሉ።

ውጤቱ ሲደርሳችሁም ናሙናውን መልሱልን አትበሉ። እዚያው ስብስባቸው ውስጥ ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጥ። ሪፖርት ወይም ጽሑፍ ስታወጡ ያንን ቁጥር ጥቀሱ፤ የለየላችሁን ባለሙያም በስም አመስግኑ። የእኛ ጋሼ በስም መመስገን ባይወዱም ቁጥሩን ብትረሱት ግን ደውለው ይጠይቃሉ።