«ላይሰንሱ አልቋል» እያሉ የገዛ ፋይላችሁን መልሰው የሚሸጡላችሁ ሰዎች

ገንዘቡን አስተላልፌ ቢሮዬ እንደገባሁ ነው ይህን የምጽፈው። ንዴቴ አልበረደም፤ እስኪበርድም አልጠብቅም።

እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ካሜራ የሚገጥሙ፣ ኔትወርክ የሚዘረጉ፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም የሚጭኑ፣ አንቲቫይረስ የሚያድሱ። ቢሮ ድረስ ይመጣሉ፣ ላፕቶፕ ከፍተው ያሳያሉ፣ ስለ ቫይረስና ስለ ሃርድ ዲስክ ብልሽት አስፈራርተው ፕሮፎርማ ጥለው ይሄዳሉ። እኔ ጋም እንዲሁ ነው የመጡት። የሂሳብ አገልግሎት ነው የምሰጠው፤ የደንበኞቼ መዝገብ በሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው። ፕሮፎርማው «የባክአፕ ሶፍትዌር ዓመታዊ ላይሰንስ 42,000 ብር» ይላል፣ ከነቫቱ 48,300። ባክአፕ የፋይሎቼ መጠባበቂያ ቅጂ ነው፣ ላይሰንስ ደግሞ የፕሮግራሙ መጠቀሚያ ፈቃድ። ከፈልኩ። ልጁ መጥቶ ጫነ፣ ስክሪኑ ላይ የድርጅታቸውን አርማ አሳየኝ፣ «ከእንግዲህ ሃሳብ አይግባሽ» ብሎኝ ሄደ።

ሃርድ ዲስኩ የሞተው ጥቅምት ሲገባ ነው። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ እንዳለባቸው ለማንም መንገር የለብኝም። በዚህ ወር የአንድ ቀን ሥራ መቆም ማለት ምን ማለት እንደሆነ በሙያው ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ባክአፕ አለኝ፤ ውጫዊው ዲስክ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ደወልኩላቸው። «ዲስኩን ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

ሥራ አስኪያጁ ከስልኩ ቀና አላለም። ቁሚ ተቀመጪ የሚል የለም። የመጣሁበትን ነገርኩት። «ላይሰንሱ ሰኔ ላይ አልቋል። ዳታው ኢንክሪፕት የተደረገ ስለሆነ ላይሰንሱ ካልታደሰ አይከፈትም» አለኝ፣ አሁንም ስልኩን እያየ። ኢንክሪፕት ማለት ያለ ይለፍ ቃል እንዳይነበብ የተቆለፈ ማለት ነው። ባክአፑ ግን እስከ ትናንት ድረስ ሲሠራ ነበር፤ ላይሰንሱ ሰኔ ላይ ካለቀ ለምን መሥራቱን አላቆመም? ይህንን ስጠይቀው መልስ አልሰጠኝም። ለቴክኒሻኑ በአገጩ ምልክት ሰጠው። ልጁ ዲስኩን ሰክቶ ፎልደሩን ከፈተ፤ አለመከፈቱን ሊያሳየኝ መሆኑ ነው።

እዚያ ጋ ነው ያየሁት። ፋይሎቹ በሰልፍ ተደርድረዋል፣ ሁሉም በአንድ ስም ይጀምራሉ፤ ዱፕሊካቲ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር፣ ዲብሎክ፣ ዚፕ፣ መጨረሻቸው ኤኢኤስ። ለአንድ ዓመት ሙሉ ስክሪኔ ላይ ያየሁት የነሱን አርማና የነሱን ስም ብቻ ነው። «ዱፕሊካቲ ምንድነው?» አልኩት። ልጁ ወደ አለቃው አየ። አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «የሲስተሙ የውስጥ ስም ነው። እህቴ፣ አንቺ ሂሳብሽን ስሪ፣ ይሄን ለኛ ተይው» አለኝና ሞኒተሩን በእጁ ወደራሱ አዞረው።

ሞኒተሩን አዞረው! የኔ ዲስክ፣ የኔ ፋይል፣ የደንበኞቼ ገንዘብ ታሪክ፣ እሱ ደግሞ እንዳላይ ይጋርደኛል።

ከፈልኩ። ምን ላድርግ? ጥቅምት ነው። የእድሳት ብቻ አይደለም፣ «ዳታ ሪከቨሪ» የሚል ሌላ 15,000 ብር ጨመሩበት። ዝውውሩ እንደደረሰ ልጁ ተቀመጠ፣ የይለፍ ቃል መጠየቂያው ሳጥን መጣ፣ የድርጅታቸውን ስምና 123 ጻፈ፣ ኢንተር መታ። ተከፈተ። በቃ ይኸው ነው። የታደሰ ነገር የለም፣ የገባ የላይሰንስ ቁጥር የለም። ያ ቃል ልጁ ቢሮዬ መጥቶ በጫነ ዕለት በኔው ኮምፒውተር ላይ፣ በኔው ወንበር ተቀምጦ የጻፈው ቃል ነው። ለኔ ግን አልነገረኝም። ቤቴን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ኪራይ ጠየቀኝ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሶፍትዌሩ። ዱፕሊካቲ ክፍት ምንጭ የሆነ፣ ማለትም የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት የሆነ የባክአፕ ፕሮግራም ነው። ከራሱ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። ድሮ ኤልጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ነበር የሚሰራጨው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ኤምአይቲ ፈቃድ ተዛውሯል። የኤምአይቲ ፈቃድ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ ማንም እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ቡናው ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል። ተጠቀሙበት፣ ቅዱት፣ ቀይሩት፣ ብትፈልጉም ሽጡት ይላል። በምላሹ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የባለመብቶቹ ስምና የፈቃዱ ጽሑፍ ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር አብሮ ይሂድ። ሰኔ ላይ ያበቃል የሚል መስመር የለውም። ዋስትና እንደማይሰጥም በግልጽ ይናገራል። እነዚህ ሰዎች ያጠፉት ደግሞ ያንኑ አንዱን የተጠየቁትን ነገር ነው። የሠሪዎቹን ስም ፍቀው የራሳቸውን ለጠፉበት።

ፍትሐዊ ልሁን። መሸጡ በራሱ ነውር የለውም። ልጁ መጥቶ ጭኗል፣ ጊዜውን ሰጥቷል፣ ለድካሙ ቢያስከፍለኝ በደስታ እከፍላለሁ። ሬድ ሃትን የሚያህል የሶፍትዌር ድርጅት የቆመው በነፃ ሶፍትዌር ላይ ድጋፍና ጥገና እየሸጠ ነው። ግን የመጫኛ ዋጋ ሌላ ነው፣ የሌላ ሰው ሥራ ላይ «የኛ ላይሰንስ» ብሎ ማስከፈል ሌላ። በሌሎቹ ፈቃዶች ቢሆን ደግሞ የባሰ ነበር። ዩርባክአፕና ባሪዮስ የሚባሉት የባክአፕ ፕሮግራሞች የሚሰራጩት በኤጂፒኤል ቁጥር 3 ነው፤ ያ ፈቃድ ፕሮግራሙን ለሚያገኘው ሰው ምንጭ ኮዱን የማግኘት መብት ይሰጠዋል፣ በፈቃዱ የተሰጠውን መብት ለመጠቀም የላይሰንስ ክፍያ መጠየቅንም በቀጥታ ይከለክላል። ሬስቲክና ቦርግ የሚባሉት ሌሎች የባክአፕ ፕሮግራሞች ደግሞ የቢኤስዲ ፈቃድ ያላቸው ናቸው፤ እነሱም የባለመብቱ ስም እንዳይጠፋ ይጠይቃሉ። የትኛውንም ብታነሱ፣ ስም ፍቆ የራስን መለጠፍ የሚፈቅድ የለም።

እዚሁ አገራችንም ሕግ አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥራ ቆጥሮ ይጠብቀዋል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ለኔ የተሰጠኝ መረጃ «የውስጥ ስም ነው» የሚል ነበር።

ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ንቀቱ ነው። «ሂሳብሽን ስሪ።» ሰው በሙያው ስለተማመነባቸው ብቻ እንደ ሞኝ ያዩታል። ያ ልጅ፣ ቴክኒሻኑ፣ ሲወጣ አይኔን ማየት አልቻለም፤ እሱ ገብቶታል። አለቃው ግን ደረሰኙን ወደኔ ሲገፋልኝ እንኳ ስልኩ ላይ ነበር። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? «የሶፍትዌር ላይሰንስ እድሳት»። በገዛ ማህተማቸው፣ የነሱ ባልሆነ ነገር ላይ።

ባክአፕ የሚያስገቡላችሁ ካሉ የፕሮግራሙን ትክክለኛ ስም ጠይቁ። የይለፍ ቃሉን እናንተው ራሳችሁ አስገቡ፣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ካዝና ውስጥ አስቀምጡት፤ ያ ቃል ከጠፋ ሠሪዎቹም ሊከፍቱላችሁ አይችሉም። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ አንድ ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ላይ ፊታችሁ ያስመልሱ።

እኔ ፋይሎቼን አውጥቼ በራሴ የይለፍ ቃል እንደ አዲስ አስቀምጫለሁ። ሁለቱን ደረሰኞችና ፕሮፎርማውን ይዤ ነገ ጠዋት አቤቱታ ላስገባ ነው። እናንተም ዓመታዊ ላይሰንስ የምትከፍሉበት ባክአፕ ካላችሁ፣ አሁኑኑ ዲስኩን ከፍታችሁ የፋይሎቹን ስም እዩ። በዱፕሊካቲ የሚጀምሩ ከሆነና ደረሰኛችሁ ላይም «ላይሰንስ» የሚል ካለ ጻፉልኝ፣ አቤቱታውን አብረን እናስገባው።