ለደም ማቅጠኛ ክትትል ክፍሉ ሲስተርና ፋርማሲስት፦ ክኒኑን ከመስጠታችሁ በፊት ሰውየውን ስለጠየቃችሁ

አዲስ አበባ ካሉት የመንግሥት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ከተመላላሽ ሕክምናው ኮሪደር ጫፍ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። አንዲት ሲስተርና አንድ ፋርማሲስት ይሠሩባታል። ስማችንን አትጻፉ ስላሉ አንጽፍም። የልብ ምት መዛባት ያለባቸውን ታካሚዎች ወደ እነሱ የምንልክ ባለሙያዎች ነን፤ ትሕትናቸው እንዳለ ሆኖ የምናመሰግናቸው በአሠራራቸው ነው።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው የምት መዛባት ያለበት ሰው የላይኛው የልብ ክፍል በደንብ አይኮማተርም፣ ይርገበገባል። ደም እዚያ ይተኛና ይረጋል፤ የረጋው ወደ አንጎል ሲሄድ ስትሮክ ይሆናል። የደም ማቅጠኛው ክኒን ዋርፋሪን ይህን አደጋ በሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል፣ ግን ያደማል። ስለዚህ ሲስተር ካርዱን ከመግለጧ በፊት የምትጠይቀው «እማማ፣ የቱ ነው ይበልጥ የሚያስፈራዎት? ስትሮኩ ነው መድማቱ?» ብላ ነው። ብዙዎቹ እናቶች «አልጋ ላይ ወድቄ የሰው እጅ ከማይ ብደማ ይሻለኛል» ይሏታል። ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል፦ ሐኪሞች መድማቱን ሲፈሩ፣ ታካሚዎች ግን ስትሮክን ለማስቀረት ሲሉ ከሐኪሞቹ የበለጠ መድማት ለመቀበል ፈቃደኞች ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ቢላ የሚይዝ ሥጋ ሻጭ ግን ሌላ መልስ ሊሰጥ ይችላል። እሱን አይቆጡትም፤ የደም ግፊቱን ይለካሉ፣ ለወገቡ ዲክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ ይውጥ እንደሆነ፣ አረቄ ያበዛ እንደሆነ ይጠይቃሉ። መድማቱን የሚያባብሱት እነዚህ ናቸውና ሲስተካከሉ ፍርሃቱም ይቀላል። በሩማቲክ የልብ ሕመም ሚትራል ቫልቩ (በግራ በኩል ያሉትን የልብ ክፍሎች የሚያገናኘው በር) ለጠበበበት ሰው ግን የመርጋቱ አደጋ በጣም የከፋ መሆኑን ሳይሸፋፍኑ ይነግሩታል። ምርጫ ማክበር ማለት እውነቱን መደበቅ አይደለም።

አወሳሰዱን የሚያስይዙበት ዘዴ ደግሞ ለሁሉም ክፍል የሚበጅ ነው። ለምሳሌ በቀን አንድ ባለ 5 ሚሊግራም የሚወስድ ሰው በሳምንት 35 ሚሊግራም ወሰደ ማለት ነው። አይኤንአሩ (ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር) 1.6 ከሆነ ከሚፈለገው ከ2 እስከ 3 በታች ነው። የጎደለ ክኒን እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ «ረቡዕና ዓርብ አንድ ተኩል፣ ሌላው ቀን አንድ» ይሉታል፤ ድምሩ 40 ሚሊግራም ይሆናል፣ ጭማሪውም 14 በመቶ ገደማ ነው። የጾም ቀን የሚረሳ የለም። ለሙስሊም ታካሚ ሰኞና ሐሙስ ይሆናል። ሰዓቱ ማታ 2 ሰዓት ነው፣ ዜና ሲጀምር። ይህ ሁለት ጥቅም አለው፦ ጠዋት የተቀዳው ደም ውጤቱ ከሰዓት ይደርስና ለውጡ በዚያው ማታ ይጀመራል፤ ጸበል የሚገባና እስከ ቀትር ምንም የማይቀምስ ሰውም ክኒኑን አይዘልም። የረሳ ሰው በዚያው ሌሊት ትዝ ካለው ይውጣል፣ ከነጋ ግን ያልፈዋል፤ በማግስቱ ደርቦ መዋጥ የለም። መርሳቱን ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ አለዚያ ዝቅ ያለውን ውጤት አይተው መጠኑን በከንቱ ይጨምሩበታል።

ስለ ጎመን ብዙ ቦታ «አትብሉ» ይባላል። እነዚህ ሁለቱ አይሉም። ጎመን ያለው ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪንን ይቃረናል፣ እውነት ነው፤ ችግሩ ግን መዋዠቁ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጎመኑ ይበዛና አይኤንአር ይወርዳል፤ ፋሲካ ሲሆን ጎመኑ ይቀርና መጠጡ ይጨመርና ይወጣል። ስለዚህ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት እና ከፋሲካ በኋላ ቀጠሮ ይሰጣሉ። የድሃን ወጥ ከመከልከል ቀጠሮን ማሸጋሸግ ይቀላል።

አንድ ነገር በቅርብ አይተናል። ደሙ የሚቀዳው ባለ ሰማያዊ ክዳን ቱቦ ውስጥ ነው፤ ውስጡ ደሙን ከመርጋት የሚያቆይ ሲትሬት አለ፣ ልኩም ለ9 እጅ ደም 1 እጅ ነው። ቱቦው እስከ መስመሩ ካልሞላ ሲትሬቱ ይበዛና አይኤንአሩ ያለ ቦታው ከፍ ብሎ ይወጣል። ሲስተር እያንዳንዱን ቱቦ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ መስመሩን ታያለች፤ የጎደለውን ላብራቶሪ አትልክም፣ ይቅርታ ጠይቃ ድጋሚ ትቀዳለች። ሁለቴ መወጋት ያናድዳል፣ በሐሰተኛ 4.5 መድኃኒት ከማቋረጥ ግን ይሻላል።

የልብ ምት አቆጣጠራቸውም እንዲሁ ነው። ምቱ በተዛባ ሰው ላይ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል፣ የእጅ አንጓ ላይም ደካማው ምት አይደርስም። ማዳመጫውን ደረት ላይ አድርገው 60 ሰከንድ ሙሉ ይቆጥራሉ። ሥራው ጉልበት የሚጠይቅ ከሆነም ደረጃ አስወጥተው እንደገና ይቆጥራሉ፤ ምት የሚያዘገየው ዲጎክሲን ብቻውን የተቀመጠን ሰው ምት እንጂ የተሸካሚን ምት እምብዛም አይዝምና። ሌላው ምት የሚያዘገይ መድኃኒት፣ ሜቶፕሮሎል፣ ሲጨመር ድካም ሊመጣ እንደሚችል አስቀድመው ይነግሩትና «ትንሽ ደክሞህ ልብህ ከሚረጋና ጉልበትህ ኖሮ ልብህ ከሚዘልል የቱን ትመርጣለህ?» ይሉታል። መልሱ ተጽፎ ለሐኪሙ ይሄዳል።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ልጆች ይህን አንቀጽ ለብቻው አንብቡት። ለእናታችሁ «ምርመራ የማይፈልግ» ብላችሁ ኤሊኩዊስ ወይም ዛሬልቶ የተባሉትን አዳዲስ የደም ማቅጠኛዎች ከመላካችሁ በፊት የኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤቷን ጠይቁ። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ያላት ወይም ሚትራሏ መካከለኛም ይሁን ከፍተኛ ጥበት ያለባት እናት መድኃኒቷ ዋርፋሪን ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት ሩማቲክ የልብ ሕመምና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ባላቸው ታካሚዎች ላይ ሪቫሮክሳባንን (ዛሬልቶ ማለት ነው) ከዋርፋሪን መሰል መድኃኒቶች ጋር አወዳድሮ፣ ሪቫሮክሳባን በወሰዱት ላይ ሞት በዝቶ አግኝቷል። ቫልቯ ጤነኛ ከሆነ አዲሶቹ ጥሩ ናቸው፤ ግን 20 ሚሊግራም ሪቫሮክሳባን ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፣ ሻንጣ የሚያመጣ ሰው ጠፍቶ ሁለት ቀን ቢያልቅም መከላከያው አብሮ ያልቃል። ፋርማሲስቱ «በየወሩ ሳይቋረጥ ይደርሳል?» ብሎ አጥብቆ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

መሄድ የምትፈልጉ፣ ሪፈራልና የኤኮ ወረቀት ያዙ፤ የምትውጡትንም ሁሉ፣ ከሱቅ የተገዛውን ጨምሮ፣ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። ለአይኤንአር መጾም አያስፈልግም። የቲቢ መድኃኒት የጀመራችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ሪፋምፒሲን ዋርፋሪንን ክፉኛ ያዳክማል፤ ሲያበቃም እንዲሁ ተመለሱ፣ የተጨመረው መጠን ካልተቀነሰ ያደማል። ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል የተባሉት የኢንፌክሽን መድኃኒቶች በተቃራኒው አይኤንአርን ከፍ ያደርጋሉ። ለማርገዝ ያሰበች ከማርገዟ በፊት ትንገራቸው። ዋግምት ሊያስደርግ ያሰበም እንዲሁ፤ አይሳደቡም፣ ለምን እንደማይሆን ነው የሚያስረዱት።

ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) አልቆ ውጭ ላብራቶሪ የሚላክበት ወር አለ፣ ወረፋውም ረጅም ነው፤ ይህ የእነሱ ጥፋት አይደለም። ውጭ ከተላካችሁ ሁልጊዜ ወደ አንድ ላብራቶሪ ሂዱ። የክትትል ደብተሩን ሲስተር ናት በማስመሪያ የምታሰምረው፦ ቀን፣ አይኤንአር፣ የሳምንት መጠን፣ የተረሳ፣ ቀጠሮ። ማመስገን የሚሻ ሰው ደርዘን የተማሪ ደብተር ይዞ ቢሄድ ከኬክ ይልቅ ደስ ይላቸዋል።